ሞዴሉ አምሮ ጨዋታው ሲንቀረፈፍ፦ የባቡር ሲሙሌተር ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ባቡር ሲሙሌተር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አነጋገራቸው ቢለያይም ጉዳያቸው አንድ ነው፦ ሞዴሉ ያምራል፣ ጨዋታው ግን አይሄድም። መልሶቹን ያዘጋጀነው በነፃ ለሚገኘው ሲሙሌተር ለኦፕን ሬይልስ ነው፤ ሞዴሉም ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም እንደሚሠራ ቆጥረናል። በሌላው የባቡር ሲሙሌተር በትሬይንዝ ለሚሠሩም ስሌቱ ያው ነው፤ የሚለየው የፋይሉ ዓይነትና የምርጫዎቹ ስም ነው። ፖሊጎን ስንል የሞዴሉ ገጽ የሚገነባበትን ሦስት ማዕዘን፣ ቴክስቸር ስንል በሞዴሉ ላይ የሚለጠፈውን ምስል ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ በኢትዮ-ጅቡቲ መስመር ጭነት የሚጎትተውን ኤችኤክስዲ1ሲ ሎኮሞቲቭ ሠርቻለሁ፤ 186,000 ፖሊጎን ወጣው። የላፕቶፔ ራም 8 ጊጋባይት ነው፤ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ሎኮሞቲቩን ባዶ ሐዲድ ላይ ብቻውን ሳቆመው 55 ፍሬም በሴኮንድ አገኛለሁ። 40 የኮንቴይነር ፉርጎ ስቀጥልበት ግን ወደ 11 ይወርዳል። አንዱ ፉርጎ 9,400 ፖሊጎንና 5 ቴክስቸር አለው። ጓደኞቼ ሎኮሞቲቩን ወደ 50,000 አውርደው ይሉኛል። ከየት ከየት ልቀንስ?
— መ. ታ.፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ሎኮሞቲቩን ለጊዜው አይንኩት። የላኩልን ቁጥር ራሱ ጥፋተኛውን ያሳያል፤ ለዚህ ግን ፍሬሙን ወደ ሚሊሴኮንድ መለወጥ ያስፈልጋል። 55 ፍሬም ማለት ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል በ18 ሚሊሴኮንድ ይስላል ማለት ነው። 11 ፍሬም ደግሞ 91 ሚሊሴኮንድ ነው። ልዩነቱን፣ 73 ሚሊሴኮንዱን፣ ያመጡት 40ዎቹ ፉርጎዎች ናቸው፤ ለአንዱ 1.8 ገደማ ይደርሰዋል። ሎኮሞቲቩን ከነሐዲዱ፣ ከነሰማዩ ጨርሰው ቢሰርዙት እንኳ 73ቱ ስለሚቀር ከ14 ፍሬም አያልፉም። 30 ፍሬም ለማግኘት አንዱ ፉርጎ ከ0.4 ሚሊሴኮንድ በታች መውረድ አለበት። ሥራው እዚያ ነው።

ፉርጎው ለምን ይህን ያህል ያስከፍላል? ብዙ ሰው ፖሊጎን ብቻ ይቆጥራል። ፕሮሰሰሩ ግን ለግራፊክሱ «ይህን ሳል» እያለ ትእዛዝ የሚልከው በፖሊጎን ሳይሆን በቁራጭ ነው። አንድ ቁራጭ ማለት ለብቻው የሚንቀሳቀስ አንድ ክፍል በአንድ ቴክስቸር ነው። ባለ አራት አክሰል ፉርጎ አካሉ፣ 2 ቦጊ (አክሰሎቹን የሚይዝ ጋሪ) እና 4 አክሰል፣ በድምሩ 7 ክፍሎች አሉት። አካሉ አምስቱንም ቴክስቸር፣ እያንዳንዱ ቦጊ ሦስቱን፣ እያንዳንዱ አክሰል ሁለቱን ቢጠቀም 5 እና 6 እና 8፣ ጠቅላላ 19 ትእዛዝ ይሆናል። በ40 ሲባዛ 760። ጥላ ከበራ ደግሞ ዕቃው ለጥላው ሲባል እንደገና ይሳላል።

አሁን አምስቱን ቴክስቸር ወደ አንድ ያምጡ፤ ፉርጎው ከ19 ወደ 7 ይወርዳል፣ ባቡሩም ወደ 280። ከዚያ ከ150 ሜትር በኋላ የሚታይ፣ ጎማውም ቦጊውም ከአካሉ ጋር የተዋሐደበት አንድ ወጥ ሞዴል ይጨምሩ። 0.9 ሜትር የሆነ ጎማ 150 ሜትር ላይ በስክሪኑ 8 ነጥብ (ፒክስል) ገደማ ነው፤ ይዙር አይዙር ማንም አያየውም። ፉርጎው 14 ሜትር ቢረዝምና ካሜራዎ ከባቡሩ መካከል ጎን ቢሆን፣ በ150 ሜትር ውስጥ የሚገቡት 21 ያህል ናቸው። 21 በ7 ሲባዛ 147፣ የቀሩት 19 በአንድ በአንድ፤ ድምሩ 166። ከ760 ወደ 166 ወረድን፤ ቅርብ ካሉት ፉርጎዎች ላይ አንድ ፖሊጎን ሳንነካ።

ቴክስቸሮቹን ለማዋሐድ ብሌንደር ውስጥ ለፉርጎው ክፍሎች ሁሉ ሁለተኛ ዩቪ ማፕ (የምስሉ የቱ ቦታ በሞዴሉ የት እንደሚለጠፍ የሚወስን ካርታ) ይፍጠሩና ክፍሎቹን ሳይደራረቡ በአንድ ካሬ ላይ ይዘርጓቸው። ባለ 2048፣ ማለትም 2048 በ2048 ነጥብ የሆነ፣ ባዶ ምስል አዘጋጅተው በብሌንደሩ ሳይክልስ ቤክ ያድርጉ፣ ማለትም የሞዴሉን ቀለም በምስሉ ላይ ያትሙ። ዓይነቱ ዲፊውዝ ይሁን፤ ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት የሚሉትን አጥፍተው ከለር ብቻ ይተዉ፣ አለበለዚያ የብሌንደሩ መብራት ቀለሙ ላይ ታትሞ ይቀራል። ማርጅኑን፣ ማለትም በየክፍሉ ዙሪያ የሚተርፈውን ቀለም፣ ከ8 ነጥብ በታች አያድርጉት፤ ሲጠብ ከርቀት በስፌቶቹ ላይ የጎረቤት ቀለም ይፈሳል። ሲጨርሱ አሮጌውን ዩቪና አሮጌዎቹን ማቴሪያሎች ያጥፉ። ይህ ይረሳና አንድ ባዶ ማቴሪያል ተጣብቆ ኤክስፖርት ይሆናል፤ ትእዛዙም አይቀንስም። የቦጊና የአክሰል ክፍሎችን ስም ግን አይለውጡ፤ ሲሙሌተሩ ጎማውን የሚያዞረው በስሙ እየፈለገ ነው። የኮንቴይነሮቹን የተለያየ ቀለም በተመለከተ ለእያንዳንዱ ሌላ የቴክስቸር ፋይል አይክፈቱ፤ አራት ቀለም በአንድ ምስል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው የኮንቴይነሩን ዩቪ ብቻ ያንቀሳቅሱ።

ሥራው መሥራቱን የሚያረጋግጡት በመለካት ነው። ኤፍ5 ይጫኑ፣ ከዚያ ሺፍትን ይዘው ኤፍ5 እየደጋገሙ የዲበግ መረጃ የሚለው ገጽ ላይ ይድረሱ። ፕሪሚቲቭ የሚለው ቁጥር ከላይ የቆጠርነው ትእዛዝ ነው፤ ፉርጎውን ከማረምዎ በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ካሜራ ይመዝግቡት። ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስረው ቪሲንክ ሲለኩ ይጥፋ። ላፕቶፑም ከሶኬት አይነቀል፤ መብራት ጠፍቶ በባትሪ የተለካ ቁጥር አይታመንም፣ ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳልና። ሌላ ቀላል ፈተና አለ፦ የጨዋታውን መስኮት በግማሽ ያሳንሱት። ፍሬሙ በጣም ከጨመረ የደከመው ግራፊክሱ ነው፣ መቀነስ ያለበትም የቴክስቸር መጠን፣ ጥላና ብርሃን አሳላፊ ነገር ነው። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ በትእዛዝ ታንቋል።

ፉርጎው ከተስተካከለ በኋላ ሎኮሞቲቩን ማቅለል ቢፈልጉ በመጀመሪያ ጠርዝ የሚያለሰልሰውን የቤቭል ሞዲፋየርን ይመልከቱ። ተራ ሣጥን 12 ፖሊጎን ነው፤ ጠርዙ በአንድ ደረጃ ቤቭል ሲደረግ 44 ይሆናል። ከወለሉ ሥር ያሉት የመሣሪያ ሣጥኖች ሁሉ ቤቭል ካላቸው 186,000ው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ቤቭሉን ከካቢኑ ፊት፣ ከመስኮቶቹ ዙሪያና ከመወጣጫው ላይ ይተዉት፤ ከሥር ያለውን ያንሱት። ቀጥሎ ቱቦዎቹ። ጫፉ ክፍት የሆነ ባለ 32 ጎን ቱቦ በአንድ ቀጥ ያለ ክፍል 64 ፖሊጎን ይፈጃል፤ ባለ 8 ጎኑ 16። ስሙዝ ሼዲንግ (ጎኖቹን በብርሃን ክብ የሚያስመስል) ከተደረገበት 3 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መደገፊያ ብረት 8 ጎን ከበቂ በላይ ነው፣ 6 ቢሆንም አይታወቅም።

ጓደኞችዎ ዴሲሜት የሚለውን ሞዲፋየር ሳይመክሩዎ አይቀሩም። በአንድ ጠቅታ ቁጥሩን ያወርዳል፤ ግን የቱ ጠርዝ ቅርጹን እንደያዘ አያውቅም። ቀጥ ያለው ጎን ይጎረብጣል፣ ዩቪው ይዛባል፣ የተጻፈው ቁጥር ይጣመማል። ለሩቁ ሞዴል ካልሆነ ለቅርቡ አንመክረውም።

ጥያቄ፦ የምሠራው ባቡር ያለማቋረጥ እየሄደ በየሁለት ደቂቃው ገደማ ለአፍታ ስታክ ያደርጋል፣ ከዚያ ደህና ይሆናል። ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው። ለባቡሩ 6 ባለ 4096 ቴክስቸር ተጠቅሜያለሁ፤ ግን ዲስክ ላይ ፋይሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ችግሩ ከእነሱ ይሆናል ብዬ አላስብም።
— ኤ. ወ.፣ ዱባይ

መልስ፦ ሁለት ደቂቃው ራሱ ፍንጭ ነው። የኦፕን ሬይልስ መሬት 2048 ሜትር በ2048 ሜትር በሆኑ ካሬዎች የተከፋፈለ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አንዱን ካሬ ለማቋረጥ 123 ሴኮንድ ይፈጃል። ፍጥነቱን ወደ 120 ያሳድጉና ይመልከቱ፤ መቆሙ በየደቂቃው ከሆነ የሚያስቆመው አዲስ ካሬ ሲጫን ነው ማለት ነው። ፍጥነቱ ቢለወጥም ያው ሁለት ደቂቃ ከሆነ ግን ምክንያቱን ከጨዋታው ውጭ፣ ከኋላ ከሚሠሩ ፕሮግራሞች ይፈልጉ።

ካሬው ሲጫን ለምን ይታነቃል? ማህደረ ትውስታው አስቀድሞ ስለሞላ ነው። ዲስክ ላይ የታመቀ ፋይል ራም ውስጥ ሲገባ ይፈታል፤ የፋይሉ ትንሽነት ምንም አይነግርዎትም። ባለ 4096 ምስል ሳይታመቅ 64 ሜጋባይት ነው፣ ለርቀት የሚያስፈልጉት ትንንሽ ቅጂዎቹ፣ ማለትም ሚፕማፖቹ፣ ሲጨመሩ 85። ስድስቱ 512 ሜጋባይት፤ ለአንድ ባቡር ብቻ! ያንኑ ምስል ዲኤክስቲ1 በተባለው የቴክስቸር ማሸጊያ ዘዴ ቢያሽጉት 10.7 ሜጋባይት ይሆናል፣ ስድስቱ 64። ወደ 2048 ካወረዱት ደግሞ ስድስቱ በ16 ሜጋባይት ያልቃሉ። ዲኤክስቲ1 ግራፊክሱ ውስጥም እንደታሸገ ስለሚቆይ ቁጠባው እውነተኛ ነው።

ሥራው በጊምፕ ይቻላል። ምስሉን ዲዲኤስ በተባለው የፋይል ዓይነት ኤክስፖርት ሲያደርጉ ኮምፕረሽን በሚለው ቢሲ1 ወይም ዲኤክስቲ1 የሚለውን፣ ሚፕማፕስ በሚለው ጀነሬት የሚለውን ይምረጡ። መስታወትና ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ነገር ያለበት ምስል ብቻ በዲኤክስቲ5 ይሁን፤ እሱ እጥፍ ቦታ ይወስዳል። ፋይሉን ከነባሩ ኤሲኢ (የድሮው የቴክስቸር ዓይነት) ፋይል ጋር በአንድ ስም በዚያው ፎልደር ያስቀምጡት፤ ኦፕን ሬይልስ ዲዲኤሱን ያስቀድማል። በ2001 የወጣው የማይክሮሶፍቱ ትሬይን ሲሙሌተር ግን ዲዲኤስ አያነብም፤ ሞዴልዎን ለእሱም የሚያካፍሉ ከሆነ ኤሲኢውን አያጥፉ።

አንድ ጉዳት አለው። ዲኤክስቲ ምስሉን በ4 በ4 ነጥብ ካሬ እየከፈለ በየካሬው ጥቂት ቀለም ብቻ ይይዛል። በጥቁር ላይ በቀይ የተጻፈ ትንሽ ጽሑፍ ዳሩ ይቦጫጨራል። ጽሑፉ የሚያርፍበትን ቦታ ዩቪ ላይ ሰፋ ያድርጉለት፤ ለጣሪያውና ለወለሉ ሥር የሰጡትን ቦታ ቀምተው ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ኤልኦዲ (ከርቀት በቀለለ ሞዴል የሚተካ ደረጃ) ሠርቼ 50 ሜትር ላይ ሞዴሉ ሲቀየር ዓይን ላይ ድንገት ዘል ይላል። በስንት ሜትር ልቀይር?
— ሰ. ኃ.፣ ሐዋሳ

መልስ፦ ርቀቱን በግምት ሳይሆን በስክሪን ነጥብ ይወስኑ። ስክሪኑ 1080 ነጥብ ከፍታ ካለውና የካሜራው የእይታ ማዕዘን 45 ዲግሪ ከሆነ፣ 100 ሜትር ላይ ያለ 1 ሜትር ዕቃ 13 ነጥብ ይይዛል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ነጥቡ በግማሽ ይወርዳል። 3 ሴንቲ ሜትሩ መደገፊያ ብረት 40 ሜትር ላይ 1 ነጥብ ነው፤ ከዚያ በላይ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ስለዚህ 80 ሜትር አካባቢ ማንሳቱ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ምስሉንም ያጠራዋል። 4 ሜትር ከፍታ ያለው ሎኮሞቲቭ 500 ሜትር ላይ 10 ነጥብ ገደማ ነው፣ ያኔ ቀለም የተቀባ ሣጥን ቢሆን የሚከስዎ የለም።

ለፉርጎ 80፣ 200፣ 600 እና 2000 ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። በየደረጃው ፖሊጎኑ ወደ ሩብ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይውረድ፦ 9,000፣ 2,300፣ 600፣ 60። ከ9,000 ወደ 7,000 የሚወርድ ደረጃ ልፋት ብቻ ነው፣ የሚያተርፈው የለም። የመጨረሻው ደረጃ ቁጥር ዕቃው ከዓይን የሚጠፋበት ርቀት መሆኑንም አይርሱ።

ዘሎ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊጎን ስለቀነሰ አይደለም። ወይ ከሰማዩ ጋር የሚዋሰነው የዳር ቅርጽ ተለውጧል፣ ወይ ብርሃኑ። የዳሩን ቅርጽ የያዙትን ጠርዞች እስከ ሦስተኛው ደረጃ አይንኩ፤ ከመሐል ይቀንሱ። ብርሃኑ የሚለወጠው ጠርዝ ሲጠፋ ስሙዝ ሼዲንጉ ጎኑን ስለሚያደበዝዘው ነው፤ በአዲሱ ደረጃ ላይ ሻርፕ የሚደረጉትን ጠርዞች እንደገና ምልክት ያድርጉባቸው። ዙም አድርጎ የሚመለከት ሰው መቀየሩን ማየቱ አይቀርም፤ ለእሱ ብለው ሌላውን ሁሉ አያስከፍሉ።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች መሥራት እፈልጋለሁ። ከተማ ስለሆነ ሕንፃው፣ ምሰሶው፣ ሽቦው ብዙ ነው። ከምን ልጀምር፣ ዝርዝሩንስ የት ላድርገው?
— ብ. ገ.፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ መስመሩ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመንገድ አንጻር አጭር ቢሆንም ለሲሙሌተር ከተማ ከባድ ነው። ከሕንፃው በፊት ምሰሶውን ይሥሩ። ምሰሶ በየ40 ሜትሩ ቢተከል በመስመሩ ላይ ከ400 በላይ ይሆናል፤ የእይታ ርቀቱ 2000 ሜትር ከሆነ ወደፊትና ወደኋላ 100 ምሰሶ አንድ ላይ በክልሉ ውስጥ አለ። ምሰሶው ሦስት ቴክስቸር ካለው ለምሰሶ ብቻ 300 ትእዛዝ። ስለዚህ አንድ ቴክስቸር፣ ባለ 8 ጎን ግንድ፣ ከ150 ሜትር በኋላ ባለ 3 ጎን፤ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሴራሚክ ቅርብ ሲሆን ብቻ ይታይ። የመንገድ መብራቱን፣ አጥሩንና የጣቢያውን ወንበር ከምሰሶው ጋር በአንድ አትላስ፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቴክስቸር፣ ያኑሯቸው።

ለሕንፃዎች የሾፌሩ ዓይን የት እንዳለ ያስቡ። ባቡሩ መሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ የሚታየው የፊት ግድግዳና የመደብር በር ነው፤ የጀርባውን ግድግዳ መሰረዝ ይቻላል። በሜክሲኮና በለገሃር በኩል ግን ሐዲዱ ድልድይ ላይ ስለሚወጣ ዓይኑ ከፍ ይላል፣ ቆርቆሮውና የጣሪያው ታንከር ይታያሉ። እዚያ ያሉት ቤቶች ጣሪያቸው በደንብ ይቀባ። የቆርቆሮውን ሞገድ በፖሊጎን መሥራት ግን አይሞከርም፤ ጥላው በምስሉ ላይ የተቀባ ቆርቆሮ ከድልድዩ ላይ ሲታይ አይለይም።

200 የተለያየ ሕንፃ ከመሥራት 25 ሠርቶ ማዞር ይሻላል፤ አንድ ሞዴል ስንት ጊዜ ቢተከልም ማህደረ ትውስታ ውስጥ የሚገባው አንዴ ነው። ሰው በዓይኑ የሚለየውን ሕንፃ ግን ለብቻው ይሥሩ፤ መስቀል አደባባይንና የለገሃርን አሮጌ ጣቢያ በጅምላ ሞዴል ከሸፈኑት መስመሩ የትኛውም ከተማ ይመስላል። ዛፎችን በተመለከተ ቅጠሉ በግማሽ የሚያሳልፍ ሳይሆን ወይ የሚታይ ወይ የማይታይ፣ በዲኤክስቲ1 የሚቻለው ዓይነት ይሁን። በግማሽ የሚያሳልፈው ከኋላ ወደ ፊት ተደርድሮ አንዱ በአንዱ ላይ መሳል አለበት፤ ዛፍ የበዛበት ጎዳና ላይ ግራፊክሱን የሚያንበረክከው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮውን ባለ 1 ሜትር ስፋት ሐዲድ የመንገደኛ ፉርጎ እየሠራሁ ነው። የሪቬት ብሎኖቹን በሞዴል ልሥራ ወይስ ልቀባ?
— ተ. አ.፣ አዳማ

መልስ፦ ይቀቡ። ሥሩ የተተወ ባለ 8 ጎን ሪቬት 22 ፖሊጎን ነው፤ 600 ሪቬት 13,200 ይሆናል፣ ከፉርጎው አካል ይበልጣል። በአንድ ሌላ ፋይል ላይ ሪቬቶቹን በሞዴል ይሥሩና አምቢየንት ኦክሉዥኑን (በየስንጥቁ የሚያርፈውን ለስላሳ ጥላ) ቤክ አድርገው በቀለሙ ላይ በመልቲፕላይ ይደርቡት። ከላይ በኩል በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ከታከለ ከ3 ሜትር ላይ ጉብ ያለ ይመስላል። ከጎኑ ስም ወይም ቁጥር የሚለጥፉ ከሆነም ያው ነው፦ ከግድግዳው በ2 ሚሊ ሜትር የተነሳ ለብቻው የቆመ ጽሑፍ ከርቀት ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ይርገበገባል። እዚያው ቀለሙ ላይ ይጻፉት።

ጥያቄ፦ የካቢኑ ውስጥ ዝርዝር ጨዋታውን ያከብደዋል?
— ያልተፈረመ

መልስ፦ ብዙም አይደለም፣ እንዲያውም ቆጥበው ያተረፉትን የሚያፈሱበት ቦታ ይህ ነው። የ3ዲው ካቢን ከውጭው አካል የተለየ ፋይል ነው፤ የሚሳለውም ተጫዋቹ ለሚነዳው አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ ነው። ዓይን ከሰሌዳው አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም። የፍጥነት መለኪያውን ክብ 48 ጎን ቢያደርጉት አይጎዳም፤ ለሰሌዳው ራሱን የቻለ ባለ 2048 ቴክስቸር ይስጡት፣ ቁጥሮቹ ሳይደበዝዙ እንዲነበቡ። በውጭው ሞዴል ውስጥ፣ በመስታወቱ በኩል የሚታየው ካቢን ግን ሌላ ነው፦ ወንበር፣ ሰሌዳና የኋላ ግድግዳ፣ 300 ፖሊጎን፤ ከ80 ሜትር በኋላ መስታወቱ ራሱ የማያሳልፍ ጥቁር ቀለም ይሁን። ዝርዝሩን ካቢን ቀድተው ውጭው ውስጥ ያስገቡት እንደሆነ ሦስት ሎኮሞቲቭ ጎን ለጎን በቆመበት ጣቢያ ላይ ሦስቱም ይሳላሉ።